ኤሲያችን ለምን ቶሎ ቶሎ ይበራል፣ ይጠፋል?

አዲስ አበባ ላይ ብርድ ልብስ ደራርበን እየተኛን ስለ አየር ማቀዝቀዣ መጻፍ ሳያስቅ አይቀርም። የክፍሌ ልጆችም ስቀዋል። የሳይንስ ዘገባ መምህራችን «ቤታችሁ ካለ ዕቃ አንዱን መርጣችሁ ለምን እንደሚበላሽ ለማያውቅ ሰው አስረዱ» ብለው የቤት ሥራ ሲሰጡን ገሚሱ ስለ ምጣድ፣ ገሚሱ ስለ ሞባይል ባትሪ ጻፈ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንኩ ስለ ኤሲ ጻፍኩ። መምህራችን ካነበቡት በኋላ «ይኼን ለቡለቲኑ አስፍተህ አምጣው» አሉኝ፤ ይኸው አመጣሁት። የድሬ፣ የጋምቤላ፣ የሰመራና የጎዴ ልጆች ለቀባሪው አረዱት እንዳትሉኝ፤ ጽሑፉ ከደጋ ለመጡትም ጭምር ነው።

በእርግጥ ስለ ኤሲ ለመጻፍ የራሴም ምክንያት ነበረኝ። እማዬ የእቁብ ዕጣ ሲወጣላት ብሩን ይዛ ኤሲ ገዛች። የገዛችው ለራሷ አይደለም፤ ለአያቴ ነው። አያቴ ደም ግፊት አለባቸው፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ሙቀቱ ሲጠና ሌሊቱን አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው በማራገቢያ እያራገቡ ነበር የሚያነጉት። ሻጩ «ለድሬ ሙቀት ትንሹ አይበቃም፣ እናቴ፤ ትልቁን ይውሰዱ» አላትና 24 ሺህ ቢቲዩ አሸክሞ ላካት። የአያቴ ክፍል ሦስት ተኩል በአራት ሜትር ናት። ኤሲው በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ «ጋዝ አልቋል» ተብሎ ጋዝ ተሞላ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተከፈለ። አራተኛው ላይ ባለሙያው «አሁንስ ኮምፕሬሰሩ ነው፤ መቀየር አለበት» አለ። የኮምፕሬሰሩ ዋጋ የአዲስ ኤሲ ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው!

ሕመሙ ምን ነበር? ኤሲው ይበራል። ውጭ ያለው ኮምፕሬሰር ይነሳል፣ ያጓራል። ብዙም ሳይቆይ ጠቅ ይልና ጸጥ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይነሳል፤ ደግሞ ጠቅ። ባለሙያዎች «ከት ያደርጋል» ይላሉ፤ የሰፈራችን ሰው «ይቆራረጣል» ይላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ «በራ ጠፋ» ልበለው።

ከእኛ አጥር ቀጥሎ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍሪጅና ኤሲ ሲጠግኑ ኖረው አሁን ዐይናቸው ደክሞ ሥራ አቁመዋል። እማዬ ስለ ኮምፕሬሰሩ ስታማርር ሰምተው «ቆይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ ሲጠፋ ቤቱ ቀዝቅዞ ነው ወይስ ሞቆ?» አሏት። እማዬ ዝም አለች። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ዝም አልኩ። «ቀን ነው የሚጠፋው ሌሊት?» እሱንም በእርግጠኝነት የሚመልስ ጠፋ። እኔ እንግዲህ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ስድስት ጥያቄዎች አንደኛ ዓመት ላይ ሸምድጄ ፈተና ያለፍኩ ሰው ነኝ። ቤታችን ግን ዓመቱን ሙሉ «ምን ሆነ?» ብሎ ጠይቆ «ጋዝ አልቋል» የሚል መልስ ሲገዛ ኖሯል። «መቼ» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ቴርሞሜትር ገዛሁና ሦስት ቀን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ደብተሩ ያሳየኝን ከመናገሬ በፊት ግን ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል።

ኤሲ ቅዝቃዜ አያመርትም። ሥራው የተሸካሚ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ደጅ ይጥላል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኢንዶር፣ ውጭ የሚቀመጠው አውትዶር ይባላል፤ ሁለቱን የመዳብ ቱቦ ያገናኛቸዋል፤ በቱቦው ውስጥ ጋዝ ይዞራል። ጋዙ ወደ ኢንዶሩ ሲገባ አብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ እዚያ ይተናል፤ ሲተን የቤቱን ሙቀት ይወስዳል። መርፌ ከመወጋታችን በፊት አልኮል የነካው ጥጥ ክንዳችንን ሲያቀዘቅዘው ማለት ነው። ከዚያ አውትዶሩ ውስጥ ያለው ኮምፕሬሰር ጋዙን ይጨምቀዋል። የተጨመቀ ጋዝ ይግላል፤ ከደጁ አየር የበለጠ ይግላል። ሙቀት ምን ጊዜም ከጋለው ወደ ቀዘቀዘው ስለሚሄድ፣ ደጁ 36 ዲግሪ ሆኖ ለእኛ እሳት ቢመስለንም ለጋዙ ቀዝቃዛ ነው፤ ሸክሙን ያራግፍበታል፤ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ እንደገና ወደ ቤት ይገባል። በሞቃት አገር ያለው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ደጁ በሞቀ ቁጥር ጋዙ ከዚያ በላይ እንዲግል ኮምፕሬሰሩ አብዝቶ መጭመቅ አለበት። ግፊቱ ይጨምራል፤ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ የሚያወጣው ሙቀት ደግሞ ይቀንሳል። በጣም በምንፈልገው ሰዓት አቅሙ ይወርዳል ማለት ነው።

ታዲያ በራ ጠፋ ምን ይጎዳል? መጥፋት የኤሲ ልማድ አይደለም ወይ? ልማዱ ነው፤ ክፍሉ ሪሞቱ ላይ የሞላነው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ኮምፕሬሰሩ ያርፋል፤ ሲሞቅ ይነሳል። ለክፍሉ የተመጠነ ጤነኛ ኤሲ መካከለኛ ሙቀት ባለበት ሰዓት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሠርቶ ያርፋል። ጉዳቱ ያለው በአነሳሱ ላይ ነው። ተራ ኮምፕሬሰር ሲነሳ ለአንድ አፍታ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ የሞተሩ ሽቦ ይግላል። በሰዓት ሦስት ጊዜ መነሳትና አሥር ጊዜ መነሳት አንድ አይደለም። ሌላም አለ። ኮምፕሬሰሩ የሚለሰልስበት ዘይት ከጋዙ ጋር ትንሽ ትንሽ ወደ ቱቦው ይወጣል፤ ተመልሶ ለመግባት ኤሲው ረዘም አድርጎ መሥራት አለበት። ሥራው በየአምስት ደቂቃው ከተቋረጠ ዘይቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ገንዘብ ማቃጠያ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ ይበላል፣ ቱቦው ግን ገና አልቀዘቀዘም። አምስት ደቂቃ የሚሠራ ኤሲ ማለት ሸማ ሠሪ ድሩን ባዘጋጀ ቁጥር ተነስቶ ቢሄድ ማለት ነው።

አሁን ወደ ደብተሬ ልመለስ። ሪሞቱ 24 ላይ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት እንዲህ ይላል፦ ማታ 4:02 በራ፣ 4:06 ጠፋ፤ 4:14 በራ፣ 4:18 ጠፋ፤ 4:26 በራ፣ 4:30 ጠፋ። ክፍሉ ቀዝቅዟል። በማግሥቱ ቀትር፦ ቀን 8:05 በራ፣ 8:12 ጠፋ፤ 8:40 በራ፣ 8:46 ጠፋ። ክፍሉ 33 ዲግሪ! ማለትም ሌሊት ሲጠፋ ቀዝቅዞ ነው፤ ቀን ሲጠፋ ሞቆ ነው። አዛውንቱ ደብተሩን ሳነብላቸው ጥቂት አሰቡና «ይኼማ አንድ በሽታ አይደለም፤ ሁለት ነው» አሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይኼ ነው። ቤቱ ቀዝቅዞ ከጠፋ፣ ኤሲው ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ነው የቆመው፤ ጥያቄው ለምን ቶሎ ጨረሰ (ወይም የጨረሰ መሰለው) ነው። ቤቱ እንደሞቀ ከጠፋ ግን ሥራውን አልጨረሰም፤ አንድ መከላከያ አስቁሞታል። ሁለቱ ከውጭ ለሚሰማ ሰው ያው አንድ ጠቅ ናቸው።

ከሌሊቱ ልጀምር። የሌሊቱ ምክንያት የሻጩ «ትልቁን ይውሰዱ» ነው። የኤሲ አቅም የሚለካው በሰዓት በሚያወጣው ሙቀት ነው፤ 12 ሺህ ቢቲዩ አንድ ቶን ይባላል፣ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ነው። ቶን የተባለው ጥንት ሰው በበረዶ ሲያቀዘቅዝ አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ቀልጦ የሚወስደው ሙቀት ስለሆነ ነው። በሞቃት አገር በተለምዶ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ500 እስከ 700 ቢቲዩ ይታሰባል። የአያቴ ክፍል 14 ካሬ ሜትር ነው። ከላይ ቆርቆሮ መሆኑን፣ የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ወደ 1000 ዋት የሚጠጋ ኃይል እንደምታወርድ ብንቆጥር እንኳ 12 ሺህ ይበቃ ነበር። የተሸጠልን እጥፉ ነው። ሌሊት ደግሞ ፀሐይ የለችም፤ ክፍሉ የሚፈልገው ከቀኑ በጣም ያንሳል። 24 ሺህ ቢቲዩ በዚያች ክፍል ሌሊት ማብራት አንዲት ጀበና ለማፍላት የሠርግ ምድጃ ማንደድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ጥፋት ተጨመረበት፤ ይኼኛው የእኛ ነው። ኤሲው ክፍሉ መቀዝቀዙን የሚያውቀው ኢንዶሩ ውስጥ፣ አየር በሚስብበት በኩል ባለች ትንሽ የሙቀት መለኪያ ነው። መለኪያዋ የምታውቀው እሷ ጋ የደረሰውን አየር ብቻ ነው። ከኢንዶሩ ፊት ለፊት፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የአያቴ ቁም ሳጥን ቆሟል። ቀዝቃዛው አየር ወጥቶ ቁም ሳጥኑን ይመታና ተመልሶ ይሳባል። መለኪያዋ «24 ገባ» ትላለች፤ አያቴ አልጋ ላይ ግን ገና 26 ነው። ወፍራም መጋረጃም እንደዚሁ ያደርጋል። አያቴ «ድንገት ብርድ ይመታኝና ደግሞ ያፍነኛል» ሲሉ እርጅና ይመስለን ነበር፤ ለካ በትክክል እየዘገቡልን ኖሯል።

ማፈኑ የእርጥበት ነገር ነው። ኤሲ ከሙቀት ሌላ ውኃም ከአየሩ ይቀንሳል፤ ከቱቦው ጫፍ ደጅ የሚንጠባጠበው ያ ነው። ነገር ግን አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውኃ የሚቀየረው ቱቦው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ጠብታው ተሰብስቦ እስኪፈስም ጊዜ ይፈልጋል። ኤሲው በአራት ደቂቃ ከቆመ ጠብታው እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀርና ማራገቢያው ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ውጤቱ ቀዝቃዛና እርጥብ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ የሚል አየር ነው። ድሬ አየሯ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ እኛን ይኼ ብዙ አይጎዳንም፤ በጅቡቲና በባሕረ ሰላጤው ዳር ባሉ ከተሞች ግን የበራ ጠፋ ዋነኛው ጣጣ ይኼ ነው፤ ግድግዳ የሚሻግተውም በዚሁ ነው።

በነገራችን ላይ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። የዘመናዊው ኤሲ መነሻ የሰው ምቾት ሳይሆን ማተሚያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዊሊስ ካሪየር የሚባል የ25 ዓመት አሜሪካዊ መሐንዲስ ለኒውዮርኩ ብሩክሊን አንድ ማተሚያ ቤት የሠራው ነው። እዚያ እርጥበቱ ሲለዋወጥ ወረቀቱ እየሰፋና እየጠበበ፣ በየተራ የሚታተሙት ቀለማት አንዱ በሌላው ላይ አልገጥም እያሉ አስቸግረው ነበር። ካሪየር የተጠየቀው እርጥበቱን እንዲቆጣጠር ነው፤ ቅዝቃዜው አብሮ መጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው። ከተማችንና ኤሲ እኩያሞች ናቸው ለማለት ይቻላል!

ወደ ቀትሩ እንሂድ፤ አደገኛው ይኼ ነው። ክፍሉ 33 ዲግሪ ሆኖ ኮምፕሬሰሩ የሚቆመው ለምንድን ነው? ኮምፕሬሰር ከመጠን በላይ ሲግል ወይም ብዙ ኤሌክትሪክ ሲስብ እንዳይቃጠል የሚያቋርጥ መከላከያ አለው። አንዳንዱ ኤሲ ላይ ግፊት ሲበዛ የሚያስቆም ማብሪያም ይኖራል። መከላከያው ካቋረጠ በኋላ ኮምፕሬሰሩ እስኪበርድ ይጠበቃል፤ ለዚህ ነው በደብተሬ ላይ የቀኑ ዕረፍት ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ የሌሊቱ ግን ስምንት ደቂቃ የሆነው። ይኼን ልዩነት ያየሁት ከጻፍኩት በኋላ ነው፤ በጆሮ ሲሰማ ሁሉም አንድ ነበር።

ምን አጋለው? አውትዶሩ ያለው በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለችውን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። ሌባ እንዳይነቅለው ተብሎ በያጅ በላሜራ ሳጥን ዙሪያውን አጥሮታል፤ ፊት ለፊቱ ብቻ ጠባብ ጠባብ ቀዳዳ አለው። አውትዶር ደግሞ የሚያወጣው አየር ከሚስበው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ የሞቀ ሊሆን ይችላል። ያ አየር ላሜራውን መትቶ ይመለሳል፤ ማራገቢያው መልሶ ይስበዋል፤ እንደገና አሙቆ ያወጣዋል። ቴርሞሜትሬን በአንድ ቀትር መጀመሪያ ግቢው ጥላ ውስጥ፣ ቀጥሎ ሳጥኑ ውስጥ ከአውትዶሩ ጀርባ አስቀመጥኩት። ጥላው 36 አለ። ሳጥኑ 49 አለ።

49 ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ኤሲዎች አይኤስኦ 5151 በሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት ሲፈተሹ በአየር ንብረት ይመደባሉ። ቲ1 የሚባለው ምድብ አቅሙ የሚለካው ደጁ 35 ዲግሪ ሆኖ ነው፤ በመጨረሻ የሚፈተነውም 43 ድረስ ነው። ቲ3 የሚባለው ለበረሃ አገር የታሰበ ሲሆን በ46 ይለካል፣ እስከ 52 ይፈተናል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቲ3 የሚፈልጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በኩዌት ሚትሪባህ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል። የእኛው ኤሲ ጎኑ ላይ ባለው ምልክት ቲ1 ነው። ለድሬ 36 ዲግሪ ቲ1 በቂ ነበር፤ እኛ ግን በገዛ ላሜራችን ድሬን ኩዌት አደረግናት። በዚያ ላይ የድሬ አቧራ አለ። ደቻቱ ደርቆ አሸዋው በነፋስ ሲነሳ፣ አቧራው የአውትዶሩን ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናቸዋል። የእኛዎቹ ሲታጠቡ የወጣው ጭቃ ግማሽ ባልዲ ነበር።

ስለ አቀማመጥ ካነሳን፣ በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች «አውትዶሩን በሰሜን ግድግዳ አድርጉት፣ ፀሐይ አያገኘውም» ይላሉ። ለአውሮፓና ለአሜሪካ እውነት ነው። ድሬ ግን ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ለእኛ የሚሻለው ምሥራቁ ነው፤ በጣም በሚሞቀው የከሰዓት ሰዓት ጥላ ነውና።

አሁን የጋዙን ጉዳይ ላንሳ፤ እውነቱን ለመናገር የሚያናድደኝ ይኼ ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው፤ ካነሰ ፈሶ ነው፤ ከፈሰሰ ደግሞ የሚፈስበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልጉና ሳይበይዱ መሙላት በሚያፈስ ባልዲ ውኃ መቅዳት ነው። በእርግጥ የጋዝ ማነስ ራሱ በራ ጠፋ ያመጣል፤ ኢንዶሩ ውስጥ ያለው ቱቦ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ በረዶ ይይዛል፣ መለኪያውም ያስቆመዋል። የቆሸሸ ፊልተርም ልክ ይኼንኑ በረዶ ያመጣል፤ ስለዚህ በረዶ ያየ ሁሉ «ጋዝ ነው» ከማለቱ በፊት ፊልተሩን አውጥቶ ቢያጥብ ምንም አይከፍልም። የእኛው ላይ ግን በረዶ አልነበረም፤ የፈሰሰ ዘይት ምልክትም አልነበረም። ጋዙ አላነሰም ነበር፤ ሦስት ጊዜ የተሞላው በሙሉ ላይ ነው። ጋዝ ሲበዛ ግፊቱ ይበዛል፤ ግፊት ሲበዛ መከላከያው ቶሎ ያቋርጣል። ማለትም እየከፈልን በሽታውን ስናጠናክር ነበር። እያንዳንዱ ኤሲ ስንት ጋዝ እንደሚይዝ ጎኑ ላይ በግራም ወይም በኪሎ ተጽፏል፤ በሚዛን ነው መሞላት ያለበት። የእኛው 1.6 ኪሎ ይላል። በኋላ ወደ ባዶ ሲሊንደር ተስቦ ሲመዘን 2 ኪሎ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። (ወደ አየር ከመልቀቅ መሳቡ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ አር 410ኤ የሚባለው ይህ ጋዝ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2000 እጥፍ በላይ ይከፋል።)

ብዙ ሰው መብራቱን ያማል፤ አንዳንዴም እውነት አለው። የእኛ አገር መስመር 220 ቮልት ነው፤ ምሽት ላይ ግን ሁሉም ሲያበራ ይወርዳል። ሞተር ለመነሳት ያለው ጉልበት በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ፣ 220 ወርዶ 180 ሲሆን ጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ይጎድላል። ኮምፕሬሰሩ ያጓራል፣ መነሳት ያቅተዋል፣ መከላከያው ያቋርጠዋል። ያረጀ ካፓሲተርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ርካሽ ነው፣ ኮምፕሬሰር ከመቀየሩ በፊት እሱ ይፈተሽ። ስታብላይዘር ያለው ቤት ደግሞ ጠቅ የሚለው ራሱ ስታብላይዘሩ እንዳይሆን ያዳምጥ፤ ቮልቱ ከመጠን ሲወርድ እሱም ያቋርጣል። ሌላው የሚያደናግረው ኤሲው ከጠፋ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያህል አልነሳም ማለቱ ነው። ይኼ ብልሽት አይደለም፤ ግፊቱ እስኪረጋጋ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሪሞቱን ደጋግሞ መጫን፣ ወይም 16 ላይ ማውረድ፣ ተራውን ኤሲ አያፈጥነውም። ኢንቨርተር የሚባለው አዲሱ ዓይነት በመጥፋት ፈንታ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ሻጮች «ይኼ አይቆራረጥም» ይላሉ። እሱም ቢሆን ከተወሰነ ፍጥነት በታች መውረድ አይችልም፤ ሳጥን ውስጥ ከታሰረ ደግሞ እንደማንኛውም ይግላል።

የተደረገው እንዲህ ነው። ላሜራው ተነሳና በሰፊ የብረት ፍርግርግ ተተካ፤ ከላይ አየር በሚያሳልፍ ከፍታ ጥላ ተሠራለት። ወደ ምሥራቅ ለማዛወር የመዳብ ቱቦው ዋጋ ስላልተቻለ ባለበት ቀረ። ከአውትዶሩ ጀርባ የሚለካው ሙቀት በቀትር ከ49 ወደ 39 ወረደ። ቅጠሎቹ ታጠቡ፣ ጋዙ በሚዛን ተስተካከለ። ኮምፕሬሰሩ አልተቀየረም።

ለሌሊቱ በሽታ መድኃኒት የለም፤ ትልቅ ኤሲን ማሳነስ አይቻልም። የሚቻለው ሥራ መጨመር ነው። ቁም ሳጥኑ ከኢንዶሩ ፊት ተነስቶ ሌላ ግድግዳ ተጠጋ (አያቴ ለሁለት ሳምንት አኩርፈዋል)፤ በአያቴ ክፍልና በሳሎኑ መካከል ያለው በር ደግሞ ማታ ክፍት እንዲያድር ተደረገ። የመጨረሻው የደብተሬ ሌሊት ማታ 4:10 በራ፣ 4:21 ጠፋ፣ 4:30 በራ ይላል። አራት ደቂቃ የነበረው 11 ሆኗል። ፍጹም አይደለም፤ አያቴ ግን ተኝተው ያነጋሉ።

ሰኔ ላይ ለእረፍት ቤት ሳለሁ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እማዬ ሪሞቱን ይዛ እየሮጠች አጥሩ ጋ ሄደች። «ጋሼ፣ ይኸው ደግሞ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ማቆም እምቢ አለ! አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም!» አዛውንቱ ከወንበራቸው ሳይነሱ ጠየቋት፦ «ቤቱስ?»

«ቤቱማ ቀዝቅዟል።»

«እንግዲያማ ተይው፣ ይሥራበት» አሉ። ቀትር ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሁለት ክፍል ይዞ ሳያርፍ የሚሠራ ኤሲ ጤነኛ ነው። እማዬ አላመነችም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አውትዶሩ ሥር ቆማ ጠቅ እስኪል ስትጠብቅ ነበር።